ቫልቭ «ያድግበታል» ተብሎ አይገዛም

ለልጅ ጫማ የገዛ ወላጅ ሁሉ «ያድግበታል» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ለእንቁጣጣሽ የተገዛው ጫማ ጫፉ ላይ ወረቀት ይጠቀጠቅበታል፤ የትምህርት ቤቱ ሹራብ እጀታው ሁለቴ ይታጠፋል፤ ልጁ ግን ያድግበታል። ኑሮ ሲከብድ ይህ ብልሃት ነው። እኔም ለልጄ እንደዚያው ነው የማደርገው። ችግሩ የሚመጣው ይህ ብልሃት ከልብስ ሱቅ ወጥቶ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሲገባ ነው። እዚያ «ትልቅ ይሻላል፤ ኋላ እንዳንቸገር» ተብሎ የሚገዛ አንድ ዕቃ አለ። ዕቃው ቫልቭ ነው፤ በተለይ የውሃን ግፊት የሚቆጣጠረው ዓይነት።

ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት በውሃ መስመር ላይ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለች ሴት ሁለት ነገር ትለምዳለች፤ አንደኛው ጭቃ ሲሆን ሁለተኛው «እህቴ፣ ኢንጂነሩ መቼ ነው የሚመጣው?» የሚል ጥያቄ ነው። ሁለቱም አያስቆጡኝም። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ መሥሪያ ቤት ሥራዬ ሳይሆን፣ የምንኖርበትን ሕንፃ ጎረቤቶች ለሦስት ሳምንታት ሁለት ወገን አድርጎ ስላከራከረን አንድ የብረት ዕቃ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ግፊት ጥቂት ልበል። ውሃ በከፍታ ልክ ይጫናል። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በግምት 1 ባር ግፊት ይፈጥራል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ከ2 እስከ 2.5 ባር አካባቢ ነው ብላችሁ አስቡት። አዲስ አበባ ደግሞ ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የቦሌ አየር ማረፊያ በ2,330 ሜትር አካባቢ ይገኛል። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቧንቧ ዘርግተን በውሃ ብንሞላው፣ ታች ያለው ጫፍ ከ60 ባር በላይ ይሸከም ነበር። ይህን የሚችል የቤት ቧንቧ የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ከተማ ውሃውን በየደረጃው በማጠራቀሚያ ጋን እያሳረፈ፣ መስመሩንም በግፊት ቀጣና እየከፋፈለና ግፊቱን በቫልቭ እየቀነሰ ያወርደዋል።

የእኛ ሕንፃ የዚህች ከተማ ትንሽ ምስል ነው። ጂ+9 ነው፤ በየፎቁ አራት አራት አባወራ፣ በድምሩ አርባ ቤት። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መሬት ውስጥ ባለው ጋን ይጠራቀማል፤ ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል። ዘጠኝ ፎቅ ለመውጣት 27 ሜትር፣ ማለትም 2.7 ባር ይፈልጋል። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሻወር ሲከፍት እንዳይንጠባጠብበት 1.5 ባር እንጨምር። በመንገድ በሰበቃ የሚጠፋው ግማሽ ባር ያህል ነው። በዚህ ስሌት ፓምፑ በ5 ባር እንዲነሳና በ6 ባር እንዲያቆም ተደርጓል። ለዘጠነኛ ፎቅ ልክ ነው። ምድር ላይ ላለው ቤት ግን 6 ባር ማለት በየሌሊቱ በር እንደሚገፋ ሌባ ነው፤ አንድ ቀን ይገባል።

ለዚህ መላው የታወቀ ነው። ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ያሉትን ሃያ ቤቶች ለብቻ ከፍሎ፣ መግቢያቸው ላይ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ማስገባት ነው። ሕንፃው ሲሠራም ተደርጓል። ያስገባው ሰው ግን የቧንቧውን ውፍረት ለካ፤ ሁለት ተኩል ኢንች ሆኖ አገኘው፤ ሁለት ተኩል ኢንች ቫልቭ ገጠመበትና ሄደ።

ቫልቩ በተገጠመ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌሊት ሌሊት ማፏጨት ጀመረ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ጂን ነው አሉ፤ አንዷማ ጠበል አስረጭታለች። ቀጥሎ ቧንቧው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያም ፉጨቱ ድንገት ጠፋና ሁሉም «ተሻለው» ብለው ደስ አላቸው። የተሻለው ነገር አልነበረም። ቫልቩ ውሃ መያዝ አቅቶት ሙሉውን ግፊት ወደ ታች ማሳለፍ ስለጀመረ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ቤት የእጅ መታጠቢያው ፍሌክሲብል ፈነዳ። እማማ እንጀራ ጋግረው ለሦስት ምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ፣ በዚያች ምጣድ ሁለት ልጆች ያስተማሩ ሴት ናቸው። ሰው ደርሶ ዋናውን እስኪዘጋ ድረስ ውሃው ከማብሰያ ቤታቸው አልፎ ሳሎን ገብቷል። ግማሽ ኩንታል የተፈጨ ጤፍ ረጠበ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ገመድና ሳህን ተበላሸ። ለማለዳ የተቦካው ሊጥ ውስጥ ከጣሪያው ኮርኒስ ላይ የታጠበ ቆሻሻ ገባ። እማማ በባዶ እግራቸው ውሃው ውስጥ ቆመው «ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?» ሲሉ ሰማኋቸው። የሚያስቡት ስለ ቤታቸው ሳይሆን ጠዋት እንጀራ ስለሚጠብቁት ደንበኞቻቸው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሕንፃው ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቫልቩ ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መቀመጫው ላይ ጅረት እንደቦረቦረው መሬት ቀጭን ቦይ ተሠርቶበታል። ስምንተኛ ፎቅ የሚኖረው ነጋዴ ጎረቤታችን ተነሳና፣ «እንግዲህ ይኼ አልቻለም ማለት ነው። ሦስት ኢንች ገዝተን አንገላገልም ወይ? ትንሽ ብንጨምር ነው» አለ። ተጨበጨበለት። ዋጋም አጠያይቆ መጥቶ ነበር።

እጄን አወጣሁ። «አልቻለም ሳይሆን በጣም ስለሚችል ነው የተበላሸው» አልኩ። ዝም አሉ። ከኋላ አንድ ሰው «ትንሽ ዕቃ ገዝቶ ትልቅ ደረሰኝ ማምጣትም አለ» ሲል ሰማሁት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ በጋራ ገንዘብ ስንት ጊዜ እንደተታለልን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ። ገንዘብም ሆነ ግዢ አልነካም። ውሃውን ልለካው።»

«ቧንቧው እንደሆነ ተለክቷል፤ ደግሞ ምን ልትለኪ ነው?» አሉ።

ይህን ጥያቄ የመለሰልኝ ሥራ ስጀምር አለቃዬ የነበሩ አንድ አዛውንት ቴክኒሺያን ናቸው። «ልጄ፣ ቧንቧውን አትጠይቂ፤ ውሃውን ጠይቂ» ይሉኝ ነበር። ቧንቧ ሰፋ ተደርጎ የሚዘረጋው ውሃው በመንገድ ላይ ግፊት እንዳያጣ ነው። ቫልቭ ደግሞ ሥራው ግፊት ማሳጣት ነው። ሥራቸው ተቃራኒ የሆነ ሁለት ዕቃ መጠናቸው አንድ ይሁን ማለት፣ ለበሬውና ለጠምጃው ሰው አንድ ዓይነት ጫማ እንደመግዛት ነው። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ከቧንቧው በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ያንሳል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። በግፊት መቀነሻ ቫልቭ ውስጥ ሞላ፣ ላስቲክና መቀመጫው ላይ የሚያርፍ ክዳን አለ። ሞላው ክዳኑን ሊከፍት ይገፋል፤ ከቫልቩ በኋላ ያለው ግፊት ደግሞ በላስቲኩ በኩል መልሶ ሊዘጋው ይገፋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ክዳኑ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ታች ሰው ቧንቧ ሲከፍት ግፊቱ ይወርዳል፣ ክዳኑ ከፈት ይላል፤ ሲዘጉ ግፊቱ ይወጣል፣ ክዳኑ ይጠብባል። ልኩን ያገኘ ቫልቭ በሥራ ሰዓት በመካከለኛው ክልሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለ ይውላል።

ቫልቩ ከልክ በላይ ትልቅ ሲሆን ግን ክዳኑ ከመቀመጫው የፀጉር ያህል ብቻ ተነስቶ ይውላል። በጣም ትንሽ ቢነቃነቅ ብዙ ውሃ ያልፋል፤ ግፊቱ ዘለል ይላል፤ ክዳኑ ይዘጋል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ እንደገና ይከፍታል። ቧንቧው የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። የሚሄድ ውሃ ድንገት ሲቆም ደግሞ ራሱን የቻለ ጡጫ አለው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ በቅጽበት ቢቆም ከ10 ባር በላይ የሆነ የአፍታ ግፊት ይፈጥራል። ሁልጊዜ እንዲህ ድንገት አይቆምም፤ ግን ትንሹም ቢሆን በየደቂቃው ሲመታ ማንን ያስተርፋል?

ፉጨቱም ቢሆን የጂን አልነበረም። በቫልቩ ፊትና ኋላ ያለው ልዩነት 2.5 ባር ሲሆን፣ በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚሾልከው ውሃ በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የዓባይን ልጅ ሳይሆን ጅራፍ ነው የሚመስለው። በውስጡ የጋኑን አሸዋ ይዞ ሲሄድ ናስ ይበላል። ጠረጴዛው ላይ ያየነው ቦይ የተቆፈረው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ልኬቱ ልመለስ። የታችኛውን መስመር ብቻ የሚቆጥር ቆጣሪ ፓምፕ ቤቱ ውስጥ አለ። የአሥራ አራት ዓመቷን ልጄን ይዤ ደብተርና የእጅ ባትሪ አስያዝኳት። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ማታ ከአንድ እስከ ሦስት፣ ልብስ በሚታጠብበት ቅዳሜ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ በየ15 ደቂቃው ቆጣሪውን አነበብን። ሁለት ሌሊት እኔ ብቻዬን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ወረድኩ። ዘበኛችን «በዚህ ሰዓት ውሃ ትቆጥሪያለሽ?» ብሎ ሲስቅብኝ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ራሱ ማንበብ ጀመረ።

ያገኘነው እንዲህ ነው። ትልቁ ፍጆታ ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን በ15 ደቂቃ 1,200 ሊትር፣ ማለትም በሰዓት 4.8 ሜትር ኩብ ሄዷል። በአማካይ ውስጥ የተደበቁ የአፍታ ጫፎች ስላሉና ሁለት ቤቶች ገና ሰው ስላልገባባቸው ወደ 7 አሳደግሁት። ለልጁም ቢሆን አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ነውር የለውም፤ ነውሩ አምስት ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው። ሌሊት ደግሞ በ15 ደቂቃ 20 ሊትር ብቻ፤ በሰዓት 0.08 ሜትር ኩብ። እሱም የሆነ ቤት ሽንት ቤት ገንዳ ሲያፈስ ነው።

ቀጥሎ ስሌቱ ነው፤ አትፍሩት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሠርታዋለች። እያንዳንዱ ቫልቭ በካታሎጉ ላይ ኬቪ የሚባል ቁጥር አለው። ቫልቩ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ፣ በፊቱና በኋላው ያለው ልዩነት 1 ባር ሲሆን በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ያሳልፋል? መልሱ ኬቪ ነው። አሜሪካኖች በጋሎንና በራሳቸው የግፊት መለኪያ ሲሠሩት ሲቪ ይሉታል፤ ለሥራ ከምናስገባው ሲቪ ጋር አይምታታባችሁ እንጂ፣ እሱም ቢሆን የዕቃው የሥራ ማስረጃ ነው። ኬቪን በ1.16 ብታባዙት ሲቪን ታገኛላችሁ።

የምንፈልገውን ኬቪ ለማግኘት የውሃውን መጠን በግፊት ልዩነቱ ስኩዌር ሩት እናካፍላለን። ስኩዌር ሩቱ የገባው ግፊት አራት እጥፍ ሲያድግ ውሃው የሚጨምረው ሁለት እጥፍ ብቻ ስለሆነ ነው። የእኛ ከቫልቩ በፊት በአማካይ 5.5 ባር ነው፤ ከቫልቩ በኋላ የምንፈልገው 3 ባር። ልዩነቱ 2.5 ባር፣ ስኩዌር ሩቱ 1.58። ሰባትን በ1.58 ስናካፍል አራት ተኩል ሊሆን ትንሽ የቀረው ቁጥር ይመጣል። ልጄ ሰባተኛ ክፍል እያለች «ስኩዌር ሩት በሕይወቴ ምን ይሠራልኛል?» ብላ ያስለቀሰችኝ ናት፤ መልሱን ስታገኝ ፊቷን ባያችሁት።

የተበላሸው ቫልቭ ኬቪ ስንት ነበር? ከ40 በላይ። እንግዲህ በሳምንቱ እጅግ በተጨናነቀችው ሰዓት እንኳን ከአቅሙ አንድ አሥረኛውን ነበር የምንጠቀመው። ሌሊት የሚፈለገው ኬቪ 0.05 ነው፤ ከአቅሙ ከስምንት መቶ አንዱ። ሦስት ኢንች ብንገዛለት ደግሞ በሽታውን መድኃኒት ብለን መጨመራችን ነበር።

በተቃራኒው በጣም ትንሽ ቫልቭም አይበጅም። ሁሉም ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሲያጥብ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ሳሙና በፊቱ ላይ ይዞ ይቀራል፤ ውሃውም በጠባቡ በር ሲሽቀዳደም ይጮኻል። በመኖሪያ ቤት መስመር የውሃው ፍጥነት በሰከንድ ከ2 ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ሌላም ጠንቅ አለ። ግፊትን በአንድ ቫልቭ ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ለምሳሌ ከ9 ባር ወደ 2፣ ማውረድ ሲፈለግ ውሃው በጠባቡ ቦታ ላይ ያለ እሳት ይፈላል። በፍጥነቱ የተነሳ ግፊቱ በጣም ወርዶ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ወደፊት ሄዶ ሲፈርስ ብረቱን በመዶሻ ጫፍ እንደተነቀሰ ያደርገዋል። እንዲህ ሲያጋጥም በሁለት ደረጃ ማውረድ ነው። የእኛ ከ6 ወደ 3 ስለሆነ ይህ አያሰጋንም።

በሁለተኛው እሑድ ደብተሩን ይዤ ወረድኩ። ቁጥር ብቻ ይዞ መውረድ ግን ስብሰባ አያሳምንም። ስለዚህ ከእማማ ቤት ጀበናና ሲኒ፣ ከዘበኛው ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ነጋዴውን ጎረቤቴን «ወንድሜ፣ እስቲ ከጀሪካኑ ወደ ሲኒው ቅዳልኝ» አልኩት። እሱም ሰው ነው፣ እየሳቀ ተነሳ። በሁለት እጁ ይዞ በጣም ተጠንቅቆ አዘነበለ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ ከዚያ ጓ ብሎ ሲኒውንም ረከቦቱንም የጋሼንም ቃለ ጉባኤ አጠበው። ከጀበናው ግን ሦስት ሲኒ አከታትሎ አንድ ጠብታ ሳያፈስ ቀዳ።

«እና ጀሪካን አያስፈልግም እያልሽን ነው?» አለ እጁን እያራገፈ።

«ያስፈልጋል፤ ውሃ ለማምጣት። ለመቅዳት ግን ጀበና ነው።»

ሳቁ ሲበርድ ሐሳቤን አቀረብኩ። አንድ ትልቅ ቫልቭ ሳይሆን ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ይገጠሙ። አንዱ ኢንች ከሩብ፣ ሌላው የኢንች ሦስት አራተኛ። ትንሹ በ3.2 ባር፣ ትልቁ በ3 ባር ይስተካከላሉ። ሌሊት ግፊቱ ሲያንስ ቀድሞ የሚከፍተው ከፍ ብሎ የተስተካከለው ትንሹ ነው፤ ለሽንት ቤት ገንዳና ለአንድ ሰው ፊት መታጠቢያ እሱ ይበቃል። ጠዋት ሁሉም ሲከፍት እሱ ብቻውን ስለማይችል ግፊቱ ወደ 3 ይወርድና ትልቁ ይነሳል። ከሁለቱም በፊት የአሸዋ ማጣሪያ፣ ፊትና ኋላ የግፊት ጌጅ፣ ለጥገና እንዲመች መዝጊያዎች። የእሳት አደጋው መስመር ለብቻው ስለተዘረጋ በዚህ አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። ሁለቱ ትንንሾች ተደምረው የሦስት ኢንቹን ግማሽ ዋጋ ትንሽ ቢያልፉ ነው። ግዢውን ኮሚቴው ራሱ ከሦስት ሱቅ ዋጋ ሰብስቦ ይፈጽም አልኩ።

ክርክሩ እዚያ ላይ አላበቃም። አንዳንዶች «ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ብልሽት» አሉ። ያስጨረሱት እማማ ናቸው። ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «እኔ ቁጥሩን አላውቅም» አሉ፤ «ግን ትልቅ ምጣድ ላይ ትንሽ እሳት አይጋገርም፤ ትንሽ ምጣድ ላይም ትልቅ እሳት ያሳርራል። ልጅቷ ሌሊት ሁለት ጊዜ በደጄ አልፋ ውሃ ስትቆጥር አይቻታለሁ። ሌላው ሰው የቆጠረ አለ?» አሉ። የቆጠረ ሰው አልነበረም። በአብላጫ ድምፅ አለፈ።

ጋሼ ከሰዓት በኋላ ደውለው ሌላ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ለመሆኑ የሚተርፈው ገንዘብ ስንት ነው?» ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ለሦስት ኢንቹ የተመደበው ገንዘብ በጉባኤ የጸደቀ ነው። የተረፈው የእማማ ጤፍ ይሁን ብል የሚቃወመኝ ይኖራል?» አሉ። የተቃወመ አልነበረም፤ እንዲያውም ነጋዴው ጤፉን በጅምላ ዋጋ አምጥቶ እስከ ደጃቸው አደረሰ። ለምጣዱ ግን አልበቃም። እማማ ምጣዱን በዕቁብ ገዙት፤ እጣው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወጣላቸው። እስከዚያ ከጎረቤት ምጣድ እየተዋሱ አንድም ቀን ሳያቋርጡ አስረክበዋል።

ቫልቮቹ ከተገጠሙ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ፉጨት የለም። የሌሊቱ ጌጅ 3.2 ላይ ይቆማል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አሥራ ሁለት ሜትር ሲወጣ 2 አካባቢ ይቀረዋል፤ ለሻወር ይበቃል። ማጣሪያውን በየሦስት ወሩ ስንከፍት አንድ ማንኪያ የሚሞላ አሸዋ ይወጣል።

ይህን የጻፍኩት አንባቢ ሁሉ ቫልቭ መራጭ ይሁን ብዬ አይደለም። ግን ብዙዎቻችን በጋራ ሕንፃ ውስጥ እንኖራለን፤ ኮሚቴ እንመርጣለን፤ ገንዘብ እናዋጣለን። አንድ ባለሙያ መጥቶ «ይኼን ያህል ኢንች ግዙ» ሲላችሁ አራት ነገር ጠይቁት። በጣም በሚበዛበትና በጣም በሚያንስበት ሰዓት ስንት ውሃ ይሄዳል? ከቫልቩ በፊትና በኋላ ግፊቱ ስንት ነው? የመረጥከው ቫልቭ ኬቪ ስንት ነው፣ ስንት እጁን እንጠቀማለን? ከፊቱ ማጣሪያ አለው ወይ? የመጀመሪያውን ጥያቄ «ቧንቧው ሁለት ኢንች ነው» ብሎ ከመለሰ፣ አመስግናችሁ ሻይ ጋብዙትና ሌላ ሰው ጥሩ።

ቤታችሁ ምድር ወይም አንደኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ግፊቱን በጌጅ አንድ ጊዜ ለኩት። ቀን ላይ ያያችሁት ቁጥር እውነቱን አይነግራችሁም፤ ፍሌክሲብል የሚፈነዳው ውሃ በማይቀዳበት ሰዓት ነው። ከ5 ባር በላይ ካያችሁ ለኮሚቴያችሁ ንገሩ፤ ከቤት ስትወጡም የቤታችሁን መዝጊያ ዝጉ።

በእኛ ፓምፕ ቤት ግድግዳ ላይ አሁን አንድ ደብተር በገመድ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው ማታና ጠዋት የሁለቱን ጌጆች ቁጥር ይጽፍበታል። ባለፈው ወር ልጄ ስታገላብጠው የሌሊቱ ቁጥር ከ3.2 ወደ 3.4 ከፍ ማለቱን አይታ ነገረችኝ። ትንሹን ቫልቭ ፈትተን ክዳኑ ላይ የተጣበቀች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አወጣን፤ በማግስቱ ሌሊት ወደ ቦታው ተመለሰ። እማማም ሆኑ ሌላው ጎረቤት ይህን አልሰሙም። የሚሰማ ነገር ስላልተፈጠረ።